ማሽን እጅ ሲሰጥ እጁ የማን ነው?

በኖቬምበር 2003 የዓለም የኮምፒውተር ቼዝ ሻምፒዮና ግራዝ በምትባል የኦስትሪያ ከተማ ይካሄድ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጆኒ የሚባል ፕሮግራም ሽሬደር ከሚባል ሌላ ፕሮግራም ጋር ገጥሟል። ጆኒ አልቆለታል። ከዚያ ሽሬደር በራሱ የፕሮግራም ስህተት እዚያው በዚያው መመላለስ ጀመረና አንድ አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ቦርዱ ላይ መጣ። ስክሪኑም ይህንኑ የሚናገር መልእክት አወጣ። በቼዝ ሕግ ያው አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከመጣ ተጫዋቹ «አቻ ነው» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የጆኒ ኦፕሬተር (የፕሮግራሙን እርምጃዎች ቦርዱ ላይ የሚያስኬድለት ሰው) ግን አልጠየቀም። ሽሬደር ማሸነፍ ይገባዋል፣ በሰው ፕሮግራም ስህተት ግማሽ ነጥብ መልቀም አያምርም ብሎ ጨዋታውን ቀጠለ። ጆኒ ተሸነፈ።

ምን ያለ ጨዋ ሰው ነው! እኔም መጀመሪያ ታሪኩን ስሰማ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ችግሩ ውድድሩ ሲያልቅ መጣ። ሽሬደርና ፍሪትዝ የሚባል ሦስተኛ ፕሮግራም እኩል ነጥብ ይዘው ጨረሱ። በመለያ ጨዋታ ሽሬደር አሸነፈና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አሁን ሒሳቡን ሥሩት። ጆኒ ያቺን ግማሽ ነጥብ ቢወስድ ኖሮ ሽሬደር በግማሽ ነጥብ ያንስ ነበር፣ ዋንጫውም ያለ ምንም መለያ የፍሪትዝ ነበር። ተቃውሞ ቀረበ፣ ውጤቱ ግን ጸና። ፍሪትዝ በዚያ ጨዋታ ላይ የለበትም፣ ማንም አልጠየቀውም። የአንዱ ደግነት ከሌላው ኪስ ወጣ ማለት ነው።

ይህ ስለ አቻ እንጂ እጅ ስለ መስጠት አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። በሁለቱም ላይ ጨዋታውን የሚጫወተው ማሽን ነው፣ ጨዋታውን የሚጨርሰው ግን ጎኑ የተቀመጠ ሰው ነው። በኮምፒውተር ቼዝ ውድድር ላይ «እጅ መስጠት ነውር ነው ወይስ አለመስጠት?» እየተባለ የሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚዞረው እዚች ነጥብ ላይ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ጉዳዩን የጨዋነት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። እኔ የሥልጣን ጉዳይ ነው እላለሁ።

በሰዎች መካከል ነገሩ ቀላል ነው። ንግሥትህን በከንቱ ካጣህ፣ ተቃራኒህም ጎበዝ ከሆነ፣ እጅ ትሰጣለህ። «ከዚህ በኋላ እንዴት እንደምታሸንፈኝ እንደምታውቅ አውቃለሁ» ማለትህ ነው። አክብሮት አለበት። የሰውን ጊዜም ትቆጥባለህ፣ ራስህንም ከሁለት ሰዓት ስቃይ ታድናለህ። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ደግሞ እጅ መስጠት ጨዋታውን ወዲያው ይዘጋዋል፣ መመለሻ የለውም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ ማሽን አምጡት። ማሽን አይሰለችም። በባዶ ንጉሥ መቶ እርምጃ ብታስኬደው አይናደድም። ንቀትም አክብሮትም አይገባውም። ከጨዋነቱ ምክንያቶች ውስጥ የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው፦ ጊዜ። እሱም የማሽኑ ሳይሆን ማሽኑ አጠገብ የተቀመጡት ሰዎችና የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ነው።

ታዲያ እጅ የሚሰጠው ማነው? ፕሮግራሙ ነው? ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው? እርምጃዎቹን ቦርዱ ላይ የሚያስኬደው ኦፕሬተር? ወይስ ሁለቱን ኢንጂኖች፣ ማለትም ቼዝ የሚጫወቱትን ፕሮግራሞች፣ የሚያገናኘው ሶፍትዌር?

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ዛሬ አብዛኞቹ የቼዝ ኢንጂኖች ከውጭው ዓለም ጋር የሚነጋገሩት ዩሲአይ በሚባል ቋንቋ ነው። በ2000 ወጣ። በዚህ ቋንቋ ኢንጂኑ «የመረጥኩት እርምጃ ይህ ነው» ማለት ይችላል፣ «ይህን ያህል እመራለሁ፣ ይህን ያህል ተመርቻለሁ» ማለት ይችላል። «እጅ ሰጥቻለሁ» ማለት ግን አይችልም። ቃሉ የለም። «አቻ እንውጣ» የሚልም የለም። ከእሱ በፊት የነበረውና ዛሬም ያልሞተው የኤክስቦርድ ቋንቋ ሁለቱም አሉት፤ ኢንጂኑ ራሱ «በቃኝ» ብሎ መላክ ይችላል። ዩሲአይን ከቀረጹት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ሽቴፋን ማየር-ካለን ነው፤ የሽሬደር ደራሲ፣ ያው በግራዝ ሻምፒዮን የሆነው። ሆን ተብሎ የተተወ ነገር ይሁን አይሁን፣ ውጤቱ ያው ነው፦ የዘመኑ ኢንጂን ሞቱን ያያል፣ ይናገራል፣ እጅ መስጠት ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ውሳኔው ወደ ሌላ ሰው ወይም ወደ ሌላ ሶፍትዌር ተላልፏል።

በጎ ተብሎ የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ ከቼዝ ውጭ አለ። ማርች 13፣ 2016 አልፋጎ የሚባል ፕሮግራም «ጎ» በሚባለው የእስያ የቦርድ ጨዋታ ከኮሪያዊው ሊቅ ከሊ ሴዶል ጋር ባደረገው አራተኛ ግጥሚያ ሲሸነፍ ስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት ብቅ አለችና አልፋጎ እጅ እንደሰጠ ተናገረች። ሰው አልነካውም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ነው። የቼዝ ማሽኑ ዲፕ ብሉ ግን እንደዚያ አልነበረም። በ1997 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ በካስፓሮቭ ሲሸነፍ ማሽኑ በ44ኛው እርምጃ ሩኩን (ግንብ የሚመስለውን ጠጠር) ትርጉም ወደሌለው ቦታ ወሰደው፣ ኋላ የፕሮግራም ስህተት ነው ተባለ፣ በቀጣዩ እርምጃ ላይም ቡድኑ ስለ ማሽኑ ሆኖ እጅ ሰጠ። ማሽኑ እንዴት ማብቃት እንዳለበት የወሰኑት ሰዎች ናቸው። በዚያ ጨዋታ ትክክል ነበሩ። ሁልጊዜ ትክክል ይሆናሉ ወይ ነው ጥያቄው።

አይሆኑም። እዚያው ግጥሚያ ላይ፣ በማግስቱ፣ ካስፓሮቭ ራሱ ተሳሳተ። በሁለተኛው ጨዋታ እጅ ሰጠ፤ ተንታኞች ወዲያው ሲመለከቱት ግን ቼክ በላይ በላዩ እየሰጠ፣ ማለትም ንጉሡን ያለ ዕረፍት እያጠቃ፣ አቻ የሚያወጣበት መንገድ እንደነበረው አሳዩ። የዓለም ሻምፒዮን ነው። ለምን አላየውም? ማሽኑ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመልጠው አይችልም ብሎ ስላመነ። ለማሽን አክብሮት ሰጥቶ ተሸነፈ ማለት ነው፣ ማሽኑ ደግሞ አክብሮቱን አላየውም።

ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ። ቶሮንቶ፣ 1977፣ ሁለተኛው የዓለም ሻምፒዮና። የሶቪየቱ ካይሳ በ1974 የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያሸነፈ ፕሮግራም ነው፤ አሁን ደችስ ከሚባል የአሜሪካ ፕሮግራም ጋር ገጥሟል። በ34ኛው እርምጃ ነጭ ንግሥት ቼክ ሰጠች፣ ካይሳ ንጉሡን እንደማሸሽ ሩኩን መሐል ላይ ጣለ። እንዲሁ በነፃ! አዳራሹ ሳቀ ማለት ይቻላል። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦትቪኒክ ራሱ እዚያ ነበር፣ እሱም ስህተት ነው ብሎ ነበር ያየው። ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ እጅ ይሰጣል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ካይሳን ሲጠይቁት ግን ሌላ ነገር ወጣ። ንጉሡ ቢሸሽ ኖሮ ነጭ ንግሥቱን ሰውቶ ወዲያው ማት ያደርገው ነበር፣ ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው ያልቅ ነበር። ሩኩን መጣሉ ዕድሜ ማራዘሚያ ነበር። ክፍሉ ሙሉ ሊቅ ያላየውን ማሽኑ አይቷል። ካይሳ በኋላ ተሸንፏል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የማነሳው ይህን ነው፦ ኦፕሬተሩ በዓይኑ አይቶ «አልቋል» ቢል ኖሮ ባላየው ነገር ላይ ነበር የሚፈርደው።

ስለዚህ ነው በፊት ለፊት ውድድሮች ላይ ኦፕሬተር የእጅ ማራዘሚያ ብቻ ይሁን የሚለው መርህ የመጣው። እርምጃውን ከስክሪን ወደ ቦርድ፣ ከቦርድ ወደ ስክሪን ያደርሳል፣ ሰዓቱን ይነካል። የራሱን የቼዝ ሐሳብ አይጨምርም። እጅ ልስጥ ካለ ዳኛውን ይጠራል። ግትርነት ሊመስል ይችላል፣ ግን አስቡት፤ ኦፕሬተሩ እርምጃ መምረጥ ክልክል ከሆነበት፣ ከእርምጃዎች ሁሉ የሚከብደውን፣ የመጨረሻውን፣ እንዴት እሱ ይመርጣል?

አሁን ግን ዘመኑ ተቀይሯል። ዛሬ አብዛኛው የኢንጂን ጨዋታ ያለ ሰው ነው የሚደረገው። አንድ ሶፍትዌር ሁለቱን ያገናኛል፣ ቁጥራቸውን ያነባል፣ ሲበቃ ይዘጋዋል። ኪዩትቼስ የሚባለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። «አንዱ ኢንጂን ለሦስት ተከታታይ እርምጃ ከስድስት ወታደር በላይ ተመርቻለሁ ካለ ሽንፈት ቁጠርበት» ብለህ ታዘዋለህ፣ እሱም ይፈጽማል። ቁጥሮቹን አንተ ነህ የምትመርጠው። ስቶክፊሽ የሚባለው ኢንጂን የሚፈተንበት ፊሽቴስት የሚባለው ሥርዓት ከ2013 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው ጨዋታ ሲያካሂድ የኖረው እንዲህ ያለ መቁረጫ ይዞ ነው። ያለቀለትን ጨዋታ እስከ ማት መጎተት የኮምፒውተር ጉልበት መጣል ነው፤ እዚያ ላይ ስለ ጨዋነት የሚያወራ የለም፣ ተገቢም አይደለም።

ግን ቁጥሩ ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ቀስ እንበል፣ ምክንያቱም ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ኢንጂን «ፕላስ 6» ሲል ስድስት ወታደር ያህል እመራለሁ እያለ ነው። ግምት ነው። ግምቱ የሚሳሳትባቸው የታወቁ ቦታዎች አሉ። አንድ ቢሾፕ (በሰያፍ፣ በአንድ ቀለም ላይ ብቻ የሚሄድ ጠጠር) እና የዳር ወታደር አለህ እንበል፣ ወታደሩ የሚነግሥበት ማዕዘን ግን ከቢሾፕህ ቀለም ጋር አይገጥምም። ተቃራኒህ ባዶ ንጉሡን እዚያ ማዕዘን ላይ ከከተተው አለቀ፣ አቻ ነው፣ ዓመት ብትሞክር አታስወጣውም። ድሮ ይህን የማያውቁ ኢንጂኖች ፕላስ 4 እያሉ በደስታ ይዞሩ ነበር። ሁለት ፈረስ በባዶ ንጉሥ ላይ ደግሞ በሒሳብ ፕላስ 6 ነው፣ በግድ ማት ማድረግ ግን አይቻልም። የዛሬዎቹ ኢንጂኖች እነዚህን ያውቃሉ። ምሽግን ግን ዛሬም ይስቱታል። ወታደሮቹ ተቆላልፈው፣ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፍቶ፣ አንዱ ሩክ ሙሉ እየመራ፣ ሌላው ዝም ብሎ ንጉሡን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ጨዋታው አቻ የሚሆንበት አቀማመጥ አለ። ኢንጂኑ ፕላስ 5 ይላል። መቶ እርምጃ ቆይቶም ፕላስ 5 ይላል።

ደግሞ የአንዱ ኢንጂን አምስት የሌላው አምስት አይደለም። ስቶክፊሽ በዲሴምበር 2022 ባወጣው 15.1 ላይ ቁጥሩን እንደገና አስተካክሎ፣ ፕላስ 1 ማለት የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ ነው እንዲል አደረገው። ሊላ የምትባለው ኢንጂን ደግሞ በውስጧ የምታስበው በማሸነፍ፣ በአቻና በመሸነፍ ዕድል ነው፤ የወታደር ቁጥሩ ለእኛ ብላ የምትተረጉመው ነው። ስለዚህ «ስድስት ሲሞላ እጅ ይስጥ» የሚለው ደንብ ለአንዱ ልክ፣ ለሌላው ጠባብ ጫማ ነው።

እኔን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ትንንሽ ኢንጂኖችን ማጋጠም ልማዴ ነው። አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ አጋጥሜ ጠዋት ውጤቱን ሳየው ከኢንጂኖቹ አንዱ ነጭ ሲሆን ጥሩ ይጫወታል፣ ጥቁር ሲሆን ግን ጨዋታው ገና ሳይሞቅ እጅ እየሰጠ ነው። ከፍቼ አየሁት። ጥቁር ሆኖ እየመራ ነው! ጥፋቱ ቁጥሩ ላይ ነው። በዩሲአይ ኢንጂን ቁጥሩን መናገር ያለበት ከራሱ ወገን ሆኖ ነው፤ ይሄኛው ግን ሁልጊዜ ከነጭ ወገን ሆኖ ይናገራል። ጥቁር ሆኖ በሩክ ሲመራ «ማይነስ 6» ይላል፣ የእኔ ሶፍትዌር ደግሞ «አዝናለሁ ወንድሜ» ብሎ ይዘጋበታል። ኢንጂኑን ብቻ መውቀስ አልችልም። መቁረጫውን በአንድ ወገን ቃል ብቻ እንዲሠራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም ካልተስማሙ አትዝጋ የሚል ምርጫ እዚያው ነበር፣ አልነካሁትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ እጅ መስጠት የሁለት ወገን ስምምነት ካልሆነ አልቀበለውም። «ተሸንፌያለሁ» የሚለው አንዱ፣ «አዎ፣ አሸንፌያለሁ» የሚለው ሌላው። ሁለት የተለያዩ አእምሮዎች በአንድ ስህተት ላይ የመገናኘታቸው ዕድል አነስተኛ ነው። ቲሲኢሲ የሚባለው ከ2010 ጀምሮ የሚካሄደው ትልቁ የኢንጂኖች ውድድር የሄደው በዚህ መንገድ ነው። በአንድ ወቅት ሁለቱም ኢንጂኖች ለአራት ተከታታይ እርምጃ ከ6.5 ወታደር በላይ ልዩነት ላይ ከተስማሙ ጨዋታው ይዘጋ ነበር፤ በኋላ ገደቡን ወደ 10 ከፍ አደረጉት። ማንም ሰው አልተጠየቀም፣ ማንም ሰው አልተለማመጠም። ደንቡ ከውድድሩ በፊት ተጽፏል፣ ለሁሉም እኩል ይሠራል።

ግን ሁለቱም በአንድነት ቢሳሳቱስ? ይሄ ይሆናል። ሁለቱም ኢንጂኖች ከአንድ ዓይነት መረጃ የተማሩ ከሆኑ፣ ወይም አንዱ የሌላው የአክስት ልጅ ከሆነ፣ አንዱ ምሽጉን ሳያየው ሌላውም አያየውም። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያምረኝን ሐሳብ የሰጡን የቼዝ ሳይሆኑ የጎ ሰዎች ናቸው። አልፋጎ ዜሮ በ2017 ከራሱ ጋር እየተጫወተ ሲማር ጊዜ ለመቆጠብ ተስፋ የሌላቸውን ጨዋታዎች በእጅ መስጠት ይዘጋቸው ነበር። ከጨዋታዎቹ 10 በመቶ ላይ ግን እጅ መስጠትን አጠፉት። እስከ መጨረሻው ይጫወት አሉ። ለምን? እጅ ሊሰጥባቸው ከነበሩት ውስጥ ስንቱን ያሸንፍ እንደነበር ለመቁጠር። ያ ስህተት ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ገደቡ በራሱ እንዲስተካከል አደረጉ። እንዲህ ነው እንጂ! «ያለቀለት ይመስለኛል» ከማለት ወጥተህ፣ ስንት ጊዜ ሳያልቅ እንዳለቀ እንደቆጠርክ ታውቃለህ። የቼዝ ውድድር አዘጋጆች ይህን ለምን በብዛት እንደማይሠሩበት አይገባኝም።

ግምት የማያስፈልግበት አንድ ቦታ አለ፣ የፍጻሜ ሰንጠረዦች። ቦርዱ ላይ ጥቂት ጠጠር ብቻ ሲቀር ሁሉም አቀማመጥ አስቀድሞ ተሰልቶ ተቀምጧል። ሲዚጂ የሚባሉት ሰንጠረዦች በ2018 እስከ ሰባት ጠጠር ደረሱ። ሰንጠረዡ «ተሸንፈሃል» ካለ ተሸንፈሃል፣ ይግባኝ የለም። ብዙ ውድድሮችም እዚያ ሲደርሱ ጨዋታውን ዘግተው ይሄዳሉ፣ እኔም እደግፋለሁ።

እዚህም ላይ ግን አንድ ቀጭን ክርክር አለ። ተሸንፈሃል ማለትና ይህ ተቃራኒህ ያሸንፍሃል ማለት አንድ ናቸው ወይ? በ1970ዎቹ መጨረሻ የኮምፒውተር ሊቁ ኬን ቶምፕሰን ንግሥት በሩክ ላይ ያለችበትን ፍጻሜ ሙሉ በሙሉ አስልቶ፣ ሩክ ይዞ የሚከላከል ማሽን አቀረበ። ንግሥት ያለው ወገን ከባድ በሚባለውም አቀማመጥ በ31 እርምጃ ማሸነፍ ይችላል። አያቅትም ተብሎ የሚታሰብ ነገር ነው። አሜሪካዊው ግራንድማስተር ዎልተር ብራውን ንግሥቱን ይዞ ተቀመጠና በ50 እርምጃ ማሸነፍ አቃተው። ተዘጋጅቶ ተመልሶ መጣ፣ ሁለተኛውን አሸነፈ፣ ልክ በ50ኛው እርምጃ። ማሽኑ በጨዋነት እጅ ቢሰጥ ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ የባሰም አለ። በሰባት ጠጠር ሰንጠረዥ ውስጥ ማት ለማድረግ 549 እርምጃ የሚፈልግ አቀማመጥ ተገኝቷል። ጠጠር ሳይበላ ወታደርም ሳይነካ 50 እርምጃ ካለፈ አቻ መጠየቅ ይቻላል በሚለው ሕግ ሥር እንዲህ ያለው «ድል» ድል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን የሚጠቀም ዳኛ የ50 እርምጃውን ሕግ አብሮ የሚቆጥረውን መጠቀም አለበት።

«እሺ፣ እጅ አለመስጠትስ ንቀት አይደለም?» ይሉኛል። የሚያመጡት ምሳሌም ራሱ ነው። በ2008 አሜሪካዊው ግራንድማስተር ሂካሩ ናካሙራ በኢንተርኔት ፈጣን ጨዋታ ራይብካ ከሚባል ኢንጂን ጋር ተጫወተ። ቦርዱን ቆልፎ ተቀመጠ። ራይብካ አቻውን ለማምለጥ ብሎ በገዛ እጁ ጠጠር እየሰጠ ተበላሸ፣ ከዚያም እጅ ሳይሰጥ ጨዋታው ከ270 እርምጃ በላይ ሄደ። ናካሙራ ወታደሮቹን ወደ ንግሥት ማድረግ ሲችል ወደ ቢሾፕ እያደረገ ተጫወተበት። ፌዝ ነበር፣ ግን በማን ላይ? ራይብካ አላፈረም። ያፈሩ ካሉ ሰዎች ናቸው።

ማሽን ከሰው ጋር ሲጫወት ግን ነገሩ ይለያል። ሰውዬው ማት ማድረግ ይፈልጋል። ኢንጂን ያሸነፈ ሰው ያቺን የመጨረሻ እርምጃ ቀምታችሁት እጅ ስትሰጡበት ምግብ ከአፉ እንደመንጠቅ ነው። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ቦቶችን (በራሳቸው የሚጫወቱ ፕሮግራሞችን) ለማገናኘት የሚያገለግለው የታወቀው ፕሮግራም እጅ መስጠትን ከመጀመሪያው አጥፍቶ ነው የሚመጣው፤ የምትከፍተው አንተ ነህ፣ ገደቡም ለሦስት እርምጃ ያህል አሥር ወታደር መመራት ነው። ልክ ነው እላለሁ። ከሰው ጋር ከሆነ ተወው ይጨርስ፣ ከማሽን ጋር ከሆነ ዝጋው።

በማሽኖች መካከል ተስፋ ቆርጦ አለመስጠት ሌላም ምክንያት አለው፣ ደራሲዎች ጮክ ብለው የማይናገሩት። ተቃራኒህ ሊበላሽ ይችላል። ፕሮግራም ይዘጋል፣ ሰዓት ያልቅበታል፣ መስመር ይቋረጣል። ያሸነፈውን ጨዋታ በሰዓት የተሸነፈ ኢንጂን ያላየ የዚህ ስፖርት ተመልካች የለም። አንዳንዱ ይህን መጠበቅ አያምርም ይላል። እኔ አይመስለኝም። ፕሮግራም እስከ ማት ድረስ ሳይበላሽ መድረስ የጥንካሬው አንድ ክፍል ነው። ሊላ በ2018 አካባቢ ገና ስትጀምር ያሸነፈችውን ፍጻሜ ለመጨረስ ትንከራተት ነበር፤ ሁሉም እርምጃ ስለሚያሸንፍላት አጭሩን መንገድ የምትመርጥበት ምክንያት አልነበራትም። ተቃራኒዎቿ ሁሉ በጨዋነት ቀድመው እጅ ቢሰጧት ኖሮ ያ ጉድለት ሳይታይ ይቀር ነበር።

በእጅ መስጠት ላይ ከሁሉ የሚያስፈራኝ የመጨረሻው ዙር ነው። ለዋንጫ የምትፎካከር ጓደኛህ ነጥብ ያስፈልገዋል፣ አንተ አሥረኛ ነህ፣ ያንተ ኢንጂን ማይነስ 3 ላይ ነው። «አልቋል፣ ልስጥ» ትላለህ። ምናልባት በእውነት አልቋል። ምናልባት ጓደኝነት ነው። ምናልባት አንተም ራስህ ልዩነቱን አታውቀውም። ሌላው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሦስተኛ ሰው ግን ያውቀዋል፣ ቢያንስ ይጠረጥራል፣ ጥርጣሬው ደግሞ ይገባዋል። በማሽን ውድድር ላይ ቅን ሰው መሆን በቂ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የግራዙ ኦፕሬተርም ቅን ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአልፋጎ ዜሮን ዘዴ በራሴ ግጥሚያ ላይ ሞከርኩት። ከየአሥሩ ጨዋታ በአንዱ ላይ መቁረጫውን አጠፋሁ። አብዛኞቹ እንደተጠበቀው በማት አለቁ። አንዱ ላይ ግን ሁለቱም ኢንጂኖች ከስድስት ወታደር በላይ ልዩነት ተስማምተው ነበር፣ በሌላ ቀን ቢሆን የእኔ ሶፍትዌር እዚያው ይዘጋው ነበር። ተዘግቶ የነበረው ምሽግ አልተከፈተም። ንጉሡ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲመላለስ፣ ሩኩ በር ሲፈልግ፣ 50 እርምጃው ሞላ። አቻ። አሸናፊ ነኝ ያለው ኢንጂን የመጨረሻውን እርምጃ ሲያደርግም ፕላስ 7 ይላል።